«ምንዱባን» በተወለደበት ቋንቋ

አንድን ሙዚቃዊ ተውኔት ለዓመታት የወደደ ሰው፣ ሳይታወቀው ግጥሙን በሙሉ በቃሉ ይይዘዋል። በአማርኛ አንባቢ ዘንድ «ምንዱባን» ተብሎ ከሚታወቀው የቪክቶር ሁጎ ልብ ወለድ የተቀዳውን ሙዚቃዊ ተውኔት እኔ የማውቀው በእንግሊዝኛ ነው፤ የለንደኑን ቅጂ ደጋግሜ ከማድመጤ የተነሣ፣ ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት የሚቀጥለው ስንኝ በጆሮዬ ውስጥ ይሰማል። ይኸው ሥራ ፓሪስ ውስጥ በሻትሌ ቴአትር በፈረንሳይኛ ሲቀርብ ለማየት የሄድሁትም ያንን ግጥም ሁሉ ተሸክሜ ነበር። ፈረንሳይኛዬ ጋዜጣ ለማንበብ በመጠኑ ይበቃል፤ በትልቅ ኦርኬስትራ ታጅቦ የሚዜም ግጥም ስንኝ በስንኝ ለመከታተል ግን አይበቃም። ከዚያ አዳራሽ ይዤው የወጣሁት ሐሳብ አንድ ነው፦ በአንድ ሙዚቃዊ ተውኔት ውስጥ ያሉት ዘፈኖች እያንዳንዳቸው የትውልድ ቋንቋ አላቸው፤ ያም ቋንቋ፣ ቃሉን በሙሉ ለማይረዳ አድማጭ እንኳ፣ ይሰማል። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ይህን ለማስረዳት የሥራውን የትውልድ ታሪክ ማንሣት ግድ ነው፤ ምክንያቱም ዓለም በእንግሊዝኛ የሚያውቀው ይህ ተውኔት መጀመሪያ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። ለደራሲው ለአላን ቡብሊል ሐሳቡ የመጣለት ለንደን ውስጥ ከቻርልስ ዲከንስ «ኦሊቨር ትዊስት» የተሠራውን ሙዚቃዊ ተውኔት ሲመለከት ነበር፤ በመድረኩ ላይ የሚሯሯጠውን ትንሽ ኪስ አውላቂ ባየ ጊዜ በሁጎ ልብ ወለድ ያለው የጎዳና ልጅ ጋቭሮሽ ትዝ አለው። ከዜማ ደራሲው ከክሎድ ሚሼል ሾንበርግና ከገጣሚው ከዣን ማርክ ናቴል ጋር ሆኖ የሠራው ሥራ በመጀመሪያ በሸክላ ተቀረጸ፤ በ1980 ደግሞ በሮቤር ሆሴን አዘጋጅነት ፓሌ ደ ስፖር በተባለው ሰፊ የፓሪስ አዳራሽ ለሕዝብ ቀረበ። ተመልካች አላጣም፤ ነገር ግን አዳራሹ የተያዘለት ጊዜ ስላበቃ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ተቋረጠ።

ቀጥሎ የሆነውን ሙዚቃዊ ተውኔት የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል። ሸክላው በእንግሊዛዊው ፕሮዲዩሰር በካሜሮን ማኪንቶሽ እጅ ገባ፤ ማኪንቶሽም ከሮያል ሼክስፒር ኩባንያ ጋር ተስማማ፤ ትሬቨር ነን እና ጆን ኬርድ ያዘጋጁት የእንግሊዝኛው ተውኔት በኦክቶበር 8 ቀን 1985 በለንደኑ ባርቢካን ተከፈተ። የእንግሊዝኛውን ግጥም የጻፈው በደቡብ አፍሪካ የተወለደው ጋዜጠኛና ገጣሚ ኸርበርት ክሬትዝመር ነው። ክሬትዝመር የፈረንሳይኛውን ቃል በቃል አልመለሰውም፤ አዲስ ጻፈው ማለት ይቀላል። ሁለት ሰዓት ያህል ይወስድ የነበረው ሥራ ከሦስት ሰዓት በላይ ሆነ፤ አዳዲስ ዘፈኖች ተጨመሩ፤ አንዳንዶቹ ዜማዎችም ከአንዱ ገጸ ባሕርይ ተወስደው ለሌላው ተሰጡ። ይህ የሰፋው ሥራ በ1991 ወደ ፈረንሳይኛ ተመልሶ በፓሪሱ ሞጋዶር ቴአትር ቢታይም ዕድሜው አጭር ነበር። በ2024 መጨረሻ በላዲስላ ሾላ አዘጋጅነት ሻትሌ ላይ የተከፈተው እንግዲህ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ሄዶ፣ በዚያ አድጎ፣ ወደ ፈረንሳይኛ የተመለሰው ሥራ ነው። ለእኔ የውጭ ቋንቋ ዝግጅት የሆነው ለራሱ ለሥራው ወደ ቤት መመለስ ነበር።

ስለ ቴአትር ቤቱ ጥቂት ልበል፤ ይህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ቦታ ያገኛል ብዬ አላምንምና። ሻትሌ የተመረቀው በ1862 ነው፤ የሁጎ ልብ ወለድም ታትሞ የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ከዚህ ይልቅ የሚደንቀው ግን አካባቢው ራሱ ነው። በልብ ወለዱ ውስጥ የፖሊስ ሹሙ ዣቬር፣ ዕድሜውን ሙሉ ያሳደደውን የቀድሞ እስረኛ ዣን ቫልዣንን በገዛ እጁ ከለቀቀ በኋላ፣ በኖትር ዳም ድልድይና በሻንዥ ድልድይ መካከል ወዳለው የሴን ወንዝ ዳር ይመጣል፤ እዚያም አጠገብ፣ በሻትሌ አደባባይ ወዳለው የፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ስለ ፖሊስ ሥራ መሻሻል የሚገባቸውን ነጥቦች በጥንቃቄ ጽፎ ይፈርማል፤ ከዚያ ወጥቶ ወደ ወንዙ ይመለስና ራሱን ይወረውራል። ቴአትር ቤቱ የቆመው በዚያው አደባባይ ላይ ነው፤ ከበሩ እስከ ሻንዥ ድልድይ ያለው ጥቂት እርምጃ ነው። የጄኔራል ላማርክ የቀብር ሥነ ሥርዓት በጁን 5 ቀን 1832 ልብ ወለዱ ወደሚተርከው ዓመፅ በተለወጠ ጊዜ የመንገድ ምሽግ የተሠራባቸው ሰፈሮችም ከአደባባዩ በስተ ሰሜን በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ለንደን ውስጥ የመድረክ ጌጥ የሆነው ነገር እዚህ ከግድግዳው ውጭ ያለ እውነተኛ ቦታ ነው። ይህን እያወቁ መቀመጥ ብቻውን የተመልካቹን አደማመጥ ይለውጠዋል።

አሁን ወደ ዜማው ልግባ፤ ከሁሉ ይልቅ መጻፍ የምሻው ስለ እርሱ ነው።

ተውኔቱ የሚጀምረው እስረኞች በከባድ ሥራ ላይ ሆነው በሚያዜሙት ኅብረ ዜማ ነው። በእንግሊዝኛ ስሰማው ጆሮዬ ወዲያው በግጥሙ ላይ ይጣበቃል፤ ማን ምን አለ የሚለውን እከተላለሁ። በፈረንሳይኛ ግን ቃሉ እንደ ልብ ስለማይያዝልኝ ጆሮዬ ወደ ዜማው ቅርጽ ወረደ፤ ወደ ባሶቹ ከባድ ምት፣ እየተደጋገመ ወደሚወድቀው አጭር ሐረግ። የፓሪስ ለማኞች ከዓመታት በኋላ በመድረኩ ላይ ሲጎርፉና ያንኑ ሐረግ ሲያነሡ፣ እስር ቤቱና ጎዳናው በአንድ ዜማ የተሳሰሩ መሆናቸው ከማንኛውም ስንኝ በላይ ግልጽ ሆኖ ታየኝ። በመጀመሪያው ትዕይንት ሰንሰለት አለ፤ በሁለተኛው የለም፤ ሙዚቃው ግን ልዩነቱን አይቀበልም። ሾንበርግ ይህን ያደረገው ያለ አንድ ቃል ማብራሪያ ነው፤ እንዲያውም ቃሉ ሲበዛ ይህ ነገር ይሸፈናል ብዬ ለማሰብ ተገድጃለሁ።

የዜማው አወቃቀር ከምንም በላይ የሚጠነክርበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ዣን ቫልዣን ያስጠለሉትን ጳጳስ የብር ዕቃ ሰርቆ ይያዛል፤ ጳጳሱም በወታደሮቹ ፊት «እኔ ነኝ የሰጠሁት» ብለው የብር መቅረዞቹን ጨምረው ይሰጡታል። ቫልዣን ብቻውን ሲቀር ከራሱ ጋር የሚሟገትበት ረጅም ዘፈን አለ፤ የቀድሞ ማንነቱን ጥሎ አዲስ ሰው ለመሆን ይወስናል። በሁለተኛው ገቢር መጨረሻ ላይ ደግሞ ዣቬር፣ ሊገድለው ሲችል ምሕረት ባደረገለት ሰው ምክንያት ዓለሙ ሲፈርስበት፣ በድልድዩ ላይ ሆኖ የሚያዜመው ያንኑ ሙዚቃ ነው። ሁለቱም ያላሰቡት ምሕረት ደርሶባቸዋል፤ ሁለቱም የሚጠይቁት በአንድ ዜማ ነው፤ አንዱ ወደ ሕይወት ይወጣበታል፣ ሌላው ወደ ወንዙ ይወርድበታል። ይህን መመሳሰል ስለ ሥራው የጻፈ ሁሉ ያነሣዋል፤ እኔም ድሮ የማውቀው ነገር ነው። ነገር ግን አንድን ነገር ማወቅና በደረት መሃል መስማት ይለያያሉ። በእንግሊዝኛ ሁለቱ ዘፈኖች የየራሳቸው ግጥም ስላላቸውና ሁለቱንም ግጥሞች በቃሌ ስለያዝሁ፣ በአእምሮዬ ውስጥ ሁለት ዘፈኖች ሆነው ኖረዋል። በፈረንሳይኛ ሲመጡ ግን አንድ ሆኑ፤ ዣቬር የመጀመሪያውን ሐረግ ሲያነሣ በመድረኩ ላይ ቫልዣንን ያየሁት መሰለኝ። ለዚያ አንድ ቅጽበት ብቻ እንኳ ጉዞው የሚገባው ነበር።

ሌላም አለ። ጳጳሱ በብርድ የመጣውን እንግዳ ወደ ቤት ሲያስገቡ የሚያዜሙት ለስላሳ ዜማ፣ ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ ጓደኞቹ ሁሉ በምሽጉ ላይ ያለቁበት ወጣቱ አብዮተኛ ማርዩስ ብቻውን ተቀምጦ ሲያለቅስ ተመልሶ ይመጣል። ጳጳሱ የሚጠሩት ወደ ገበታ ነው፤ ምግብ አለ፣ ወይን አለ፣ ማረፊያ አለ ይላሉ። ማርዩስ የሚያለቅሰውም በገበታ ፊት ነው፤ ባዶ ወንበሮች፣ ማንም የማይመለስባቸው ጠረጴዛዎች። በአንዱ ትዕይንት የማይገባው ሰው ወደ ማዕድ ይጠራል፤ በሌላው የሚገባቸው ሁሉ ከማዕዱ ቀርተዋል። ይህን ትርጓሜ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ደራሲዎቹ እንዲህ አስበው እንደ ሆነ አልከራከርበትም። ዜማው ግን ይህን ለማሰብ በሩን ከፍቶ ይተዋል፤ በሩም ለእኔ የተከፈተው ቃላቱ ትንሽ ዞር ሲሉልኝ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምለው ልጇን ለማሳደግ በፋብሪካ ስለምትሠራው እናት ስለ ፋንቲን ነው። ፋንቲን ከፋብሪካ ከተባረረች በኋላ የምታዜመው፣ ያለፈ ሕልሟን የምትናገርበት ዘፈን ከ1980ው ሥራ ጀምሮ ያለ ነው፤ ማለትም ዜማው የተገጠመው ለፈረንሳይኛ ግጥም ነው። የእንግሊዝኛው የመጀመሪያ ስንኝ ስምንት ቀለም አለው፤ የፈረንሳይኛውም እንዲሁ ስምንት ቀለም አለው፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ ልዩነት የለም። ልዩነቱ በአወራረዱ ነው። እንግሊዝኛ የሚጠብቅና የሚላላ ቀለም እያፈራረቀ የሚሄድ ቋንቋ ስለ ሆነ ስንኙ እንደ እርምጃ ይመታል፤ ፈረንሳይኛ ግን ቀለሞቹን እኩል እያፈሰሰ ክብደቱን ወደ ሐረጉ መጨረሻ ያደርሳል። የሾንበርግ ዜማም በትክክል እንደዚያ ነው፤ እኩል ኖታዎች እየተከታተሉ ይሄዳሉ፤ በሐረጉ መጨረሻ ላይ ያርፋሉ።

በፈረንሳይኛ ዜማ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ የአማርኛ አንባቢ ከሌላው ይልቅ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ። በተራ ንግግር የሚዋጠው የቃል መጨረሻ አናባቢ በዜማ ጊዜ ተመልሶ ይነበባል፤ የራሱንም ኖታ ያገኛል። የእኛ ሳድስ ፊደል እንደ ቦታው አንድ ጊዜ ድምፅ ተሰጥቶት፣ ሌላ ጊዜ ተውጦ እንደሚያልፍ ማለት ነው። ስለዚህ የፋንቲን ሐረጎች ብዙ ጊዜ በጠንካራ ተነባቢ አይዘጉም፤ ቀጭን ትንፋሽ የመሰለች ቀለም ትከተላቸዋለች። በእንግሊዝኛ ስትዘፍነው ፋንቲን ዓለምን የምትከስስ ሴት ናት፤ በፈረንሳይኛ ስትዘፍነው የሆነባትን ለራሷ የምትተርክ ሴት ሆነችብኝ። እኔ ይህችኛዋን መረጥሁ። ተዋናይዋም ድምፅዋን ለማሳየት አልቸኮለችም፤ ዘፈኑን ከንግግር ብዙ ሳታርቅ ጀምራ፣ ዜማው ራሱ ሲጠራት ብቻ ወጣችበት። እንግሊዝኛውን በዚህ መልክ ሲዘፈን ሰምቼው አላውቅም፤ ቋንቋው ራሱ የሚፈቅድ አይመስለኝም።

ፋንቲን ስትሞት ለሌለች ልጇ የምታዜመው እሹሩሩ የሚመስል ዜማ፣ በኋላ ማርዩስን ያለ ምላሽ የምትወደው ኤፖኒን በሌሊት ብቻዋን ስትዞር የምትዘፍነው ነው። በ1980ው ሥራ ይህ ዜማ የፋንቲን የመከራ ዘፈን ነበር፤ ለኤፖኒን የተሰጠው ለንደን ላይ ነው። በእኔ ግምት ከለንደን ለውጦች ሁሉ የላቀው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሳትወደድ የምትሞተው ልጅ ሳትወደድ የሞተችውን እናት ዜማ ትወርሳለች፤ እናቲቱ ግን የራሷ እናት አይደለችም። በመጨረሻውም ትዕይንት፣ ሁለቱም ሟቾች ቫልዣንን ሊቀበሉ ሲመጡ፣ ዜማውን በአንድነት ያነሡታል።

ጋቭሮሽን ለብቻው ማንሣት ይገባኛል። በልብ ወለዱ ውስጥ ይህ ሕፃን ከምሽጉ ወጥቶ ከወደቁት ወታደሮች ዝናር ጥይት ሲለቅም፣ እየተተኮሰበትም ሳለ፣ ጥፋቱን ሁሉ በፈላስፎቹ በቮልቴርና በሩሶ ላይ የሚያላክክ የቀልድ ግጥም ያዜማል፤ የመጨረሻውን ስንኝ ሳይጨርስም ይወድቃል። ቡብሊልና ናቴል ይህን በ1980 ወስደው ለጋቭሮሽ ዘፈን አደረጉት። ለንደን ላይ ግን ዘፈኑ ቀረ፤ ለእንግሊዝ ተመልካች ቮልቴርና ሩሶ በልጅ አፍ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ማስረዳት ቀላል አይደለምና፣ በምትኩ ትንንሾች ይናቃሉ እንጂ ኃይል አላቸው የሚል ዘፈን ገባ። ያ የእንግሊዝኛው ዘፈን ደስ ይላል፤ ሆኖም ከጎዳና ልጅ ይልቅ የአስተማሪ ድምፅ ይሰማበታል። በፈረንሳይኛው ጋቭሮሽ የራሱን ግጥም መልሶ አግኝቷል፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። በዙሪያዬ የነበሩ ተመልካቾች ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምረው ፈገግ አሉ፤ አንዳንዶቹም ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። አዳራሹ ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ግጥም በመድረክ ላይ ሲነሣ የሚፈጠረውን ዝምድና ባዕድ አድማጭ አይካፈለውም፤ ነገር ግን ያየዋል፤ ማየቱም ብዙ ነገር ያስረዳል። ልጁ በሚወድቅበት ጊዜ ያ ዘፈን ሲቋረጥ፣ ቀሪውን ቃል እያንዳንዱ ተመልካች ያውቀዋል፤ ሳይባል የቀረውም ቃል በአዳራሹ ውስጥ ከተባለው በላይ ተሰማ።

በዕረፍቱ ጊዜ በጎኔ ከተቀመጡ አንዲት አረጋዊት ጋር በእንግሊዝኛ ጥቂት አወራን። የ1980ው ሸክላ በቤታቸው እንደ ነበረና የፋንቲንን ዘፈን ከዚያ እንደሚያውቁት ነገሩኝ። ከዚያም «የእስር ቤቱና የጳጳሱ ትዕይንት ግን ለእኔ አዲስ ነው፤ እኛ ያን ትምህርት ቤት አንብበነዋልና ማንም ሊዘፍንልን አላስፈለገም» አሉኝ። ንግግራቸው ከዚያ ወዲህ በሐሳቤ ይመላለሳል፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

በፈረንሳይኛው ዝግጅት ያልረካሁባቸውን ደግሞ ሳልደብቅ ልጻፍ። ቫልዣን በምሽጉ ላይ የተኛውን ማርዩስን አይቶ የሚጸልይበት ዘፈን በ1980ው ሥራ ውስጥ አልነበረም፤ በ1985 ለለንደን የተጻፈ፣ ለመጀመሪያው ተዋናይ ለኮልም ዊልኪንሰን ከፍ ብሎ ለሚለሰልስ ድምፅ የተሰፋ ነው። የእንግሊዝኛው ግጥም አብዛኛው ባለ አንድ ቀለም ቃል ነው፤ እያንዳንዱ ቃል አንድ ኖታ ላይ ብቻውን ይቆማል፤ በዚህም ጸሎቱ የደከመ ሰው ትንፋሽ ይመስላል። በፈረንሳይኛ ቃላቱ ይረዝማሉ፤ ሁለትና ሦስት ኖታ ይዘው ይሄዳሉ፤ ስለዚህ በኖታዎቹ መካከል የነበረው ዝምታ ተሞላ። የተዋናዩ ድምፅ እጅግ ያማረ ነበር፤ የኦርኬስትራውም ቁጥብነት የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ጸሎቱ ወደ ንግግር ቀረበብኝ። ዣቬር ከዋክብትን እያየ ስለ ሥርዓት የሚያዜመውም ዘፈን እንዲሁ የለንደን ልጅ ነው፤ በእንግሊዝኛ ያለው የብረት ጥንካሬ በፈረንሳይኛ አልተሰማኝም። በፈረንሳይኛ የተወለዱት በፈረንሳይኛ ይበልጣሉ፣ በእንግሊዝኛ የተወለዱት በእንግሊዝኛ ይበልጣሉ የምለው ስለዚህ ነው።

ሆኖም ይህ ሐሳብ ሁሉንም አይገዛም፤ ቢያንስ በሁለት ቦታ ይሰናከላል። አብዮተኞቹ ወጣቶች የሚያዜሙት፣ ዛሬ በየአገሩ ሰልፈኞች ሲያነሡት የሚሰማው የትግል ዘፈን በፈረንሳይኛ የተወለደ ነው፤ ስለ ሕዝብ ፈቃድ የሚናገር ነው። ክሬትዝመር ግን በእንግሊዝኛ ወደ ጥያቄ ለወጠው፤ «የሕዝቡ ዜማ ይሰማሃል ወይ» ብሎ አድማጩን ይጠይቃል። በሰልፍ ምት ላይ ጥያቄ መጫን ደፋር ውሳኔ ነበር፤ የእኔ ጆሮ አሁንም ያን ጥያቄ ይመርጣል፤ መግለጫ ሰምቶ ዝም ማለት ይቻላል፣ ተጠይቆ ዝም ማለት ግን መልስ ነውና። በሌላው በኩል ማርዩስ ስለ ባዶዎቹ ወንበሮች የሚያዜመው ዘፈን በለንደን የተወለደ ሆኖ ሳለ፣ ሻትሌ ላይ ከእንግሊዝኛው አንሶ አላገኘሁትም፤ እንዲያውም የተዋናዩ ስብራት ይበልጥ ቀረበኝ። ምክንያቱን ሳስበው፣ ዘፈኑ ዜማውን ከጳጳሱ ስለሚወስድ ኃይሉ ከግጥሙ ይልቅ በትዝታው ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ ይመስለኛል፤ ትዝታ ደግሞ አስተርጓሚ አይሻም።

የመጀመሪያው ገቢር መዝጊያ ከዚህ ሁሉ ክርክር ነፃ ነው። ቫልዣን፣ ማርዩስና ፍቅረኛው ኮዜት፣ ኤፖኒን፣ ዣቬር፣ አታላዮቹ ባልና ሚስት ቴናርዲዬዎችና ተማሪዎቹ ሁሉ ስለሚመጣው ቀን በየፊናቸው ያዜማሉ፤ ቀደም ሲል የተሰሙት ዜማዎች አንዱ በሌላው ላይ ይደረባሉ። እዚህ በእንግሊዝኛም ቢሆን ማንም ቃሉን ለይቶ አይሰማም። ያን ጊዜ እኔና ፈረንሳዮቹ ተመልካቾች እኩል ሆንን።

ስለ ዝግጅቱ ጥቂት ብቻ ልጨምር። ለብዙ ዓመታት በየአገሩ የታየው የጆን ናፒየር ንድፍ፣ ምሽጉንና ሰዎቹን ይዞ የሚሽከረከር መድረክ ያለው፣ በብዙ ወዳጆች ዘንድ ከሥራው ተለይቶ አይታይም። ሻትሌ ያየሁት ግን የዚያ ቅጂ አይደለም፤ ከአዲስ የታሰበ ነው። ይህን እደግፋለሁ። ቋንቋው ተለውጦ እንቅስቃሴው፣ ቀሚሱና የመብራቱ ቀለም እንደ ነበረ ቢቀር፣ ተመልካች በሁለት አእምሮ ይቀመጣል፤ ዓይኑ ለንደን፣ ጆሮው ፓሪስ ይሆናል። እዚህ ዓይኔም እንደ ጆሮዬ አዲስ ነገር እንዲማር ተገደደ።

አሁን ወደ አረጋዊቷ ንግግር ልመለስ። በ1980 ሥራው የሚጀምረው ከፋንቲን ፋብሪካ ነበር፤ እስር ቤቱ፣ ጳጳሱ፣ መቅረዙ በመድረክ ላይ አልነበሩም፤ ፈረንሳይ ውስጥ ያን የማያውቅ ተመልካች የለም ተብሎ ታስቦ ነበርና። መግቢያው የተጨመረው ለንደን ላይ ነው፤ ልብ ወለዱን ላላነበበ ባዕድ ተመልካች ሲባል። ይህን ሳስብ እጅግ የሚገርመኝ ነገር አለ። ያ መግቢያ ባይኖር ኖሮ የቫልዣን ሙግት በመድረክ ላይ አይኖርም፤ የእርሱ ሙግት ከሌለም የዣቬር ሞት ብቻውን የቆመ ሞት ይሆናል፤ የሚያነጻጽረው የለውም። ጳጳሱ ካላዜሙ የማርዩስ ልቅሶ ያነሣው ትዝታ ባዶ ነው። በጆሮዬ ታንጾ የታየኝ ያ ሕንጻ ሁሉ የቆመው ለማያውቁ ሰዎች ተብሎ በተጨመረው ክፍል ላይ ነው። ፈረንሳዮቹ ተመልካቾች አሁን ያን ክፍል በገዛ ቋንቋቸው ሲሰሙ፣ ትምህርት ቤት ያነበቡትን ታሪክ ባዕዳን ባስፈለጋቸው መንገድ እየሰሙ ነው፤ ጎረቤቴም መቅረዞቹ ለቫልዣን ሲሰጡት መሐረባቸውን እንዳወጡ አይቻለሁ። ያነበቡት ነገር ማስለቀሱ አያስደንቅም፤ ያነበቡት ነገር በአዲስ ዜማ መምጣቱ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ የ1980ውን የፈረንሳይኛ ቅጂና የለንደኑን ጎን ለጎን አደምጣለሁ፤ የትኛው ዜማ ከየት ወደየት እንደ ተዘዋወረ መከታተል ራሱን የቻለ ደስታ ሆኖልኛል። ቀጥሎ መስማት የምሻው የጃፓንኛውን ዝግጅት ነው፤ በቶኪዮ ኢምፔሪያል ቴአትር ከ1987 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት እየተመላለሰ ሲቀርብ የኖረ ነው። በጃፓንኛ ዜማ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኖታ አንድ አጭር ቀለም ብቻ ይሸከማል፤ ቃላቱም ባለ ብዙ ቀለም ስለ ሆኑ፣ በእንግሊዝኛ በአንድ ስንኝ የሚባለው ሐሳብ እዚያ ሙሉ በሙሉ አይገባም፤ ተርጓሚው ከሐሳቡ የትኛውን አስቀርቶ የትኛውን እንደሚጥል መምረጥ አለበት። በዚያ ዝግጅት ላይ ከዘፈኖቹ አንዱ እንኳ በተወለደበት ቋንቋ አይዜምም፤ የፋንቲንም የቫልዣንም ዘፈን እኩል እንግዶች ናቸው። ስለ ትውልድ ቋንቋ እዚህ የጻፍሁት ሐሳብ የሚፈተነው በዚያ ነው፤ በተለይ ያን ባለ አንድ ቀለም ጸሎት ጃፓናዊው ተርጓሚ ምን እንዳደረገው ለመስማት እጓጓለሁ።